ሲንክሮናይዘር የሌለው ካምቢዮ፦ የማርሽ አደራደርና የሹፌሩ ሒሳብ



ለዛሬው ንግግር ይህን ርዕስ መምረጤን የሰሙ አንድ ባልደረባዬ «ዓለም ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ሲገሰግስ አንተ የኋላ ማርሽ አስገባህ?» አሉኝ። ቀልዱን ወድጄዋለሁ፤ ሐሳቡን ግን አልቀበለውም። አንደኛ፣ ሲንክሮናይዘር የሌላቸው ወይም በከፊል ብቻ ያላቸው አሮጌ መኪናዎች ዛሬም በአገራችን መንገዶች ላይ ጭነትና ሰው ይዘው ይሄዳሉ። ሁለተኛ፣ በመጨረሻ እንደምታዩት፣ ይህ አሮጌ የምንለው ነገር ከአዲሶቹ ከባድ መኪናዎች ውስጥ አልወጣም።

ሦስተኛው ምክንያት ግን ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ተማሪዎቻችን የማርሽ ምጥጥን ሒሳብ በወረቀት ላይ ያለ ችግር ይሠራሉ። ሆኖም «አሮጌ የጭነት መኪና የሚነዳ ሹፌር ማርሽ ሲቀንስ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሳለ ፍሪሲዮኑን ለቅቆ ነዳጅ የሚሰጠው ለምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ጸጥ ይላል። በአንጻሩ ይህንን ተግባር አርባ ዓመት ሲፈጽም የኖረው ሹፌር ምክንያቱን በእኛ ቋንቋ አይናገርም። ተማሪው የሹፌሩን ሥራ «ልምድ» ይለዋል፤ ሹፌሩም የተማሪውን ሒሳብ «የወረቀት ነገር» ይለዋል። እኔ የምለው ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን ነው። ደግሞም ልዩነቱ ለንግግር ማሳመሪያ የመጣ አይደለም፤ የተጫነ መኪና ይዞ አባይ በረሃን ወይም ሊማሊሞን የሚወርድ ሰው ይህን ሒሳብ ቢስት ለማረም የሚያገኘው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አብረን እናሰላዋለን።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበል። ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ የምንላቸው ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ መንገዱንና መኪናውን ተከትለው ገብተው ቀርተዋል። አንዳንድ ሰዎች በሌላ ቃል ልንተካቸው ይገባል ይላሉ። እኔ ግን ጋራዡ በሚናገርበት ቋንቋ እናገራለሁ፤ መካኒኩና መሐንዲሱ አንድን ዕቃ በሁለት ስም ከጠሩት መግባባት አይችሉምና። ለሌሎቹ ክፍሎች ደግሞ ግልጽ የሆነ አማርኛ እጠቀማለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካምቢዮ ለምን እንዳስፈለገ ለዚህ ጉባኤ ማብራራት አያስፈልገኝም። የነዳጅ ሞተር ጠቃሚ ጉልበት የሚሰጠው በጠባብ የዙር ክልል ውስጥ ነው፤ መኪናው ደግሞ ከመቆም እስከ ሙሉ ፍጥነት መሄድ አለበት። በመካከላቸው አስማሚ ያስፈልጋል፤ ይኸው ነው።

አስማሚው እንዴት እንደተሠራ ግን ታሪኩ ያስተምራል። ፈረንሳዊው ኤሚል ሌቫሶር በ1890ዎቹ መጀመሪያ በፓናር ኤ ሌቫሶር መኪናዎች ላይ ሞተሩን ከፊት፣ ከእርሱ ቀጥሎ ፍሪሲዮኑን፣ ከዚያ ካምቢዮውን አስቀመጠና ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማዎች ላከ። ካምቢዮው «ተንሸራታች ማርሽ» የምንለው ዓይነት ነበር፤ ሹፌሩ በዘንጉ ላይ የሚንሸራተተውን ማርሽ በእጁ ገፍቶ፣ እየተሽከረከረ ካለው ከሌላው ማርሽ ጥርስ ጋር ያገናኘዋል። የሁለቱ ጥርሶች ፍጥነት ካልተመጣጠነ ብረት ከብረት ይፋጫል፤ የጥርሱም ጫፍ ይሸራረፋል። ሌቫሶር ራሱ ስለ ሥራው «ሻካራ ነው፤ ግን ይሠራል» ማለቱ ይነገርለታል። ከአንድ መሐንዲስ የሚጠበቅ ቅን ግምገማ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ሉዊ ሬኖ መጣ። በ1899 መብቱን ያስመዘገበበት ሐሳብ፣ በከፍተኛው ማርሽ ላይ ኃይሉ በማርሽ ጥርሶች ሳያልፍ ከገቢው ዘንግ ወደ ወጪው ዘንግ በቀጥታ እንዲተላለፍ ማድረግ ነው። ከዚህ የተወለደውን አደራደር ዛሬም በፒካፕና በጭነት መኪናዎች ውስጥ ታገኙታላችሁ። ከፍሪሲዮኑ የሚመጣ አጭር ገቢ ዘንግ አለ፤ ከሥሩ ረዳት ዘንግ አለ፤ ከገቢው ዘንግ ጋር በአንድ መስመር ወደ ኋላ የሚሄድ ወጪ ዘንግ አለ። ከፍተኛው ማርሽ አንድ ለአንድ ነው። ሞተራቸውና የሚነዳው ጎማቸው በአንድ ወገን የሆኑ መኪናዎች፣ ለምሳሌ ሞተሩ ከኋላ የሆነው የእኛው ፎልክስዋገን ቢትል፣ ሁለት ዘንግ ብቻ ያለው አጠር ያለ ካምቢዮ ይይዛሉ፤ በእነርሱ ዘንድ ኃይሉ በየትኛውም ማርሽ ቢሆን በአንድ ጥንድ ጥርስ ማለፉ አይቀርም።

«የማርሽ አደራደር» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዘንጎቹን ሳይሆን በማንሻው እጀታ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ነው። ይህም የራሱ ምክንያት አለው። በመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ማንሻው በአንድ መስመር ላይ ብቻ ይንቀሳቀስ ስለነበር፣ ሹፌሩ ከአራተኛ ወደ ዜሮ ለመምጣት በሦስተኛውና በሁለተኛው ማርሽ ማለፍ ነበረበት። በ1901 በወጣው፣ ቪልሄልም ማይባኽ በነደፈው መርሴዲስ አማካይነት ማንሻው ወደ ጎንም የሚሄድበት በር ያለው አሠራር ታወቀና ሌሎቹም ተከተሉት። ማንሻውን ወደ ጎን ስትወስዱት ከውስጥ ካሉት የሹካ ዘንጎች አንዱን ትመርጣላችሁ፤ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ስትገፉት የመረጣችሁት ሹካ ማርሹን ያስገባል። እያንዳንዱ ሹካ የሚያስተዳድረው ሁለት ማርሽ ነው። ሁለት ሹካ በአንድ ጊዜ እንዳይንቀሳቀስ የሚከለክል ቁልፍም አለ፤ ይህ ባይኖር ሁለት የተለያየ ምጥጥን ያላቸው ማርሾች አንድ ዘንግ ላይ ተቆልፈው ካምቢዮው ይደርቃል።

ይህ ከገባችሁ በማንሻው እጀታ ላይ ያለው ሥዕል ዘፈቀደ አለመሆኑ ይገለጽላችኋል። በጥንቱ ባለ ሦስት ማርሽ አሜሪካዊ መኪና አንደኛውና የኋላው ማርሽ በአንድ መስመር ላይ ፊትና ኋላ ናቸው፤ ሁለተኛና ሦስተኛው በሌላው መስመር ናቸው። ሹፌሩ በመንገድ ላይ ደጋግሞ የሚቀያይረው ሁለተኛና ሦስተኛውን ነውና መንገዱ ቀጥ ብሎ ተሰጠው፤ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ መኪናውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዘ ለማውጣት አንደኛውና የኋላው ፊት ለፊት መሆናቸው ይረዳዋል። በአንዳንድ የውድድር መኪናዎች አንደኛው ማርሽ ከግራ ወደ ታች ተለይቶ የሚቀመጠውም በዚሁ አመክንዮ ነው፤ ከመነሻው በኋላ አንደኛውን የሚፈልገው የለም። የማርሽ ሥዕል በሌላ አነጋገር «ሹፌሩ አዘውትሮ የሚያደርገው ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

ወደ ውስጥ እንመለስ። ከተንሸራታቹ ማርሽ ቀጥሎ የመጣው «ዘወትር የተያያዘ ማርሽ» ነው። እዚህ ጥርሶቹ አይላቀቁም። የረዳቱ ዘንግ ማርሾችና የወጪው ዘንግ ማርሾች ሁልጊዜ ተያይዘው ይዞራሉ፤ ነገር ግን የወጪው ዘንግ ማርሾች በዘንጉ ላይ በነጻ ይሽከረከራሉ። ማርሽ ማስገባት ማለት ከነጻዎቹ ማርሾች አንዱን ከዘንጉ ጋር በመንጋጋ ማቆለፍ ማለት ነው። መንጋጋ የምለው በጎኑ ጠንካራ ጥርሶች ያሉትን፣ ከዘንጉ ጋር አብሮ የሚዞረውን ተንሸራታች ቀለበት ነው። ጥቅሙ ሁለት ነው፤ ጥርሶቹ ሰያፍ ሆነው ሊቆረጡ ስለሚችሉ ድምፁ ይቀንሳል፤ ስሕተት ሲፈጠርም የሚጎዳው መንጋጋው እንጂ ዋናው ማርሽ አይደለም። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፤ መንጋጋው ያለ ጩኸት እንዲገባ አሁንም የሁለቱ ፍጥነት መመጣጠን አለበት።

የተንሸራታቹን ማርሽ ድምፅ መስማት የምትፈልጉ ሙዚየም መሄድ አያስፈልጋችሁም። በብዙ መኪናዎች የኋላ ማርሽ ዛሬም ቀጥ ያለ ጥርስ ያለውና ሲንክሮናይዘር የሌለው ተንሸራታች ማርሽ ነው። ወደ ኋላ ስትነዱ የሚሰማው ልቅሶ የቀጥ ያለ ጥርስ ድምፅ ነው፤ መኪናው ፈጽሞ ሳይቆም የኋላ ማርሽ ለማስገባት ስትቸኩሉ የሚሰማው ጥርስ ማፋጨት ደግሞ የሌቫሶር ዘመን ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አንድ የናፍጣ ጭነት መኪና እንውሰድ። አራተኛው ማርሽ አንድ ለአንድ፣ ሦስተኛው 1.6 ለአንድ ይሁን። መኪናው በአራተኛ ማርሽ ሲሄድ ሞተሩ በደቂቃ 1,000 ዙር ይዞራል፤ ስለዚህ ወጪው ዘንግም 1,000 ይዞራል። ሹፌሩ ወደ ሦስተኛ መቀነስ ይፈልጋል። ወጪው ዘንግ ከጎማዎቹ ጋር የታሰረ ነው፤ በአንድ ቅጽበት ፍጥነቱን ሊለውጥ አይችልም። መለወጥ ያለበት በመንጋጋው ማዶ ያለው ወገን ነው፤ ማለትም ገቢው ዘንግ፣ ረዳቱ ዘንግና ከእነርሱ ጋር የተያያዙት ማርሾች በሙሉ። በሦስተኛ ማርሽ ገቢው ዘንግ 1,600 መዞር አለበት። ጎድሎ የሚገኘው 600 ዙር ከየት ይመጣል?

ከሞተሩ ብቻ ነው የሚመጣው። እነሆ ተማሪዎቼ የሚዘሉት ነጥብ። ፍሪሲዮኑ እንደተረገጠ ነዳጅ ብትሰጡ ሞተሩ ብቻውን ይጮኻል፤ ፍሪሲዮኑ ስለለያቸው ካምቢዮው ወሬውን አይሰማም። ስለዚህ ሹፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ያወጣል፤ ዜሮ ላይ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፤ አሁን ሞተሩ ከገቢውና ከረዳቱ ዘንግ ጋር እንደገና ተገናኝቷል፤ ነዳጅ ሰጥቶ ሁሉንም አንድ ላይ ወደ 1,600 ያነሣቸዋል፤ ከዚያ ለሁለተኛ ጊዜ ፍሪሲዮን ረግጦ ወዲያው ሦስተኛን ያስገባል። ሁለት ጊዜ ፍሪሲዮን መርገጥ የምንለው ይህ ነው። አንዳንድ አሠልጣኞች እንደ ጸሎት ቃል «ርገጥ፣ አውጣ፣ ልቀቅ፣ ስጥ፣ ርገጥ፣ አስገባ» እያሉ ያስጠኑታል። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱን ያልተረዳ ሰው መንገዱ ሲለወጥ ይጠፋበታል፤ ምን ያህል ነዳጅ መስጠት እንዳለበት የሚነግረው የቃል ጥናት የለምና።

ማርሽ ሲጨመር ነገሩ ይገለበጣል። በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ 1,600 ሲዞር ወጪው ዘንግ 1,000 ነው፤ ወደ አራተኛ ለመግባት ገቢው ዘንግ ከ1,600 ወደ 1,000 መውረድ አለበት። እዚህ ነዳጅ አይሰጥም፤ ይጠበቃል። የካምቢዮ ዘይቱ ተቃውሞና የሞተሩ የራሱ ሰበቃ ዘንጉን ያቀዘቅዙታል። ማለዳ ዘይቱ ወፍራም ሳለ ዙሩ ቶሎ ይወርዳል፤ ቀትር ላይ ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን መጠበቂያው ይረዝማል። ስለዚህ ያው ሹፌር ያንኑ መኪና ጠዋትና ከሰዓት በተለያየ ትንፋሽ ይነዳዋል። ዳገት ላይ ደግሞ ዙሩ እስኪወርድ ስትጠብቁ መኪናው ራሱ እየዘገየ ስለሚሄድ ወጪው ዘንግም ከ1,000 ወደ 900፣ ወደ 800 ይወርዳል፤ ልታገናኙት የምትፈልጉት ቁጥር ከፊታችሁ ይሸሻል ማለት ነው።

በእኛ አገር ይህን ሒሳብ በጆሯቸው የሠሩት ቀደምት ሹፌሮች ናቸው። በጣልያን ወረራ ዘመን የገባውን ፊያት 634 «ትሬንታ ኳትሮ» ብለው የጠሩት፣ ከ1952 ጀምሮ ይሠራ የነበረውን የፊያት 682 ቤተሰብ ደግሞ «ኤንትሬ» እያሉ ከአሰብና ከምጽዋ እስከ መሀል አገር የነዱት እነርሱ ናቸው። በተማሪነቴ ዘመን ከአንድ እንደዚህ ያለ ሹፌር አጠገብ ተቀምጬ ታርማ በርን ወርጃለሁ። የዙር መቁጠሪያውን አንድም ጊዜ ሲያዩ አላየሁም፤ ረዳታቸው ሲያወራ ግን «እስቲ ዝም በል፣ ሞተሩን ልስማው» ይሉት ነበር። መሣሪያቸው ጆሯቸው ነበር፤ መሣሪያው የሚለካው ነገር ደግሞ እኔ አሁን በሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ቁጥር ነው።

አሁን ቃል ወደ ገባሁት ስሌት ልምጣ፤ ቁልቁለት። ያንኑ መኪና በአራተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ በ7 በመቶ ቁልቁለት ላይ አስቡት። ሹፌሩ ማርሹን አውጥቶ ዜሮ ላይ ሆኗል፤ ፍሬንም አልያዘም። የመሬት ስበት መኪናውን በሴኮንድ በሴኮንድ 0.69 ሜትር ያፈጥነዋል፤ የጎማውን ተቃውሞ ወደ 0.1 ገደማ ብንቀንስ 0.59 ይቀራል። የሞተሩ የመጨረሻ ዙር 1,900 ይሁን። በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ 1,900 ሲዞር ወጪው ዘንግ 1,900 ለ1.6 ሲካፈል፣ ማለትም ወደ 1,190 ገደማ ነው። ሹፌሩ ማርሹን ሲያወጣ ወጪው ዘንግ 1,000 ላይ ነበር። እንግዲህ መኪናው ከነበረበት ፍጥነት 19 በመቶ ያህል ከጨመረ ሦስተኛው ማርሽ ተዘጋ፤ ሞተሩ የቱንም ያህል ነዳጅ ቢሰጠው የሚፈለገውን ዙር አያገኝም። 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሴኮንድ 8.3 ሜትር ነው፤ 19 በመቶው 1.6 ሜትር ገደማ። ለ0.59 ብናካፍለው ውጤቱ 2.7 ሴኮንድ አካባቢ ይሆናል።

ከሦስት ሴኮንድ ያነሰ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያልገባ ማርሽ ፍሬን ተይዞ ፍጥነቱ ካልቀነሰ በቀር አይገባም። የተዘጋውም ሦስተኛው ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛውና አንደኛው ከእርሱ በፊት ተዘግተዋል። ክፍት ሆኖ የሚቆየው የወጣበት አራተኛ ነው፤ አራተኛው ደግሞ መኪናውን ለመያዝ አቅም ስለሌለው ነበር መጀመሪያውኑ የተለቀቀው።

«ፍሬን አለ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ፍሬኑ ምን እንደሚጠየቅ እንይ። ክብደቱ 10 ቶን የሆነ መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 98 ሜጋ ጁል እምቅ ኃይል ይለቃል። ከጎሐ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከዚህ ይበልጣል። 98 ሜጋ ጁል፣ 20 ዲግሪ ላይ ያለ ወደ 290 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሙቀት ከፊሉ በአየርና በጎማ ተቃውሞ ይጠፋል፤ የቀረውን የሚሸከም ሁለት አካል ብቻ አለ፤ ወይ በማርሽ የተያዘው ሞተር፣ ወይ የፍሬኑ ሸራና ታምቡር። ሞተሩ ሙቀቱን በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ ያለማቋረጥ ያስወግዳል። የፍሬን ሸራ ግን ሲግል የመያዝ አቅሙ እየከዳው ይሄዳል፤ በዚያ ሰዓት ፔዳሉ እንደ ወትሮው ይረገጣል፣ መኪናው ግን አይታዘዝም።

ስለዚህ «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የሹፌሮች ሕግ የጥንቃቄ ምክር ብቻ አይደለም፤ ስሌቱ ሲገለበጥ የሚሰጠው መልስ ነው። ማርሹ የሚመረጠው ጫፉ ላይ፣ መኪናው ገና ቀስ እያለ ሳለ ነው። ቁልቁለቱ ከጀመረ በኋላ ሲንክሮናይዘር በሌለው ካምቢዮ ማርሽ ለመቀየር መሞከር ሦስት ሴኮንድ የተሰጠው ውርርድ ነው። በመንጃ ፈቃድ ትምህርት ይህ ስሌት በግልጽ ሊሰጥ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ሕጉን ብቻ ያጠና ሰው በረሃው ሊያልቅ ሲቃረብ «ነዳጅ ልቆጥብ» ብሎ ማርሹን ሊያወጣ ይችላል። ስሌቱን ያወቀ ሰው ግን አያወጣም።

ሲንክሮናይዘር የተባለው መሣሪያ ለሰፊው ገበያ በ1928 በካዲላክ መኪና ላይ የቀረበ ሲሆን ፈልሳፊው ኧርል ቶምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። በኋላ ተሻሽሎ ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያዘ። በመንጋጋውና በማርሹ መካከል የነሐስ ቀለበት ይገባል፤ የቀለበቱ ውስጠኛ ፊት ሾጣጣ ነው፤ የማርሹም አንገት እንዲሁ ሾጣጣ ሆኖ ይቆረጣል። ሹፌሩ ማንሻውን ሲገፋ መንጋጋው ቀለበቱን በማርሹ አንገት ላይ ይጫነዋል፤ ሁለቱ ሾጣጣዎች እንደ ትንሽ ፍሪሲዮን ተሳስመው ፍጥነታቸውን ያስማማሉ። ብልሃቱ ግን ከዚህ ይልቃል። ፍጥነቱ እስኪስማማ ድረስ ሰበቃው ቀለበቱን በትንሹ ጠምዝዞ ስለሚይዘው የቀለበቱ ጥርሶች የመንጋጋውን መንገድ ይዘጋሉ። ልዩነቱ ዜሮ ሲሆን የጠመዘዘው ኃይል ይጠፋል፤ ቀለበቱ ይላላል፤ መንጋጋው ያልፋል። ቸኩሎ የሚገፋን እጅ «ቆይ» የሚል በረኛ ማለት ነው፤ ኮምፒዩተር የለውም፣ ሽቦ የለውም፣ ሁሉም በአንድ ቀለበት የጥርስ ማዕዘን የተወሰነ ነው። በምሕንድስና ውስጥ ከማደንቃቸው ጥቂት ዕቃዎች አንዱ ነው።

ልብ በሉ፤ ሥራው አልቀረም። 600ው ዙር አሁንም መምጣት ወይም መሄድ አለበት፤ ቀድሞ የሹፌሩ እግርና ጆሮ ይሠሩት የነበረውን አሁን የነሐስ ቀለበት በሰበቃ ይሠራዋል፤ ዋጋውንም በመበላት ይከፍላል።

ለዚህ ነው አምራቾች ለረዥም ዘመን ሲንክሮናይዘርን በስስት ያከፋፈሉት። ከፍ ወዳሉት ማርሾች ተሰጠ፤ ዝቅ ያሉት ተነፈጉ፤ ምክንያቱም በዝቅተኛ ማርሾች መካከል ያለው የዙር ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ቀለበቱ የሚሸከመው ይከብዳል። በአገራችን ገጠር ብዙ የደከመው ላንድሮቨር ጥሩ ምሳሌ ነው። ከመጀመሪያው ትውልድ እስከ «ቱ ኤ» ድረስ ያሉት ሲንክሮናይዘር ያላቸው በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ ላይ ብቻ ነው፤ ለሁሉም የተሰጠው በ1971 በወጣው ሦስተኛው ትውልድ ነው። እንግዲህ አሮጌ ላንድሮቨር ይዞ ቁልቁለት ላይ ሁለተኛ ማርሽ የሚፈልግ ሰው፣ ሦስተኛው በቀላሉ ስለገባለት ሁለተኛውም እንዲሁ ይገባል ብሎ ካሰበ በሦስት ሴኮንዱ ውስጥ ገብቷል። ከፊል ሲንክሮናይዘር ፈጽሞ ከሌለው ይልቅ ያታልላል። ቢትልም እንዲሁ ነበር፤ የውጭ ገበያው ዓይነት በ1952 ከሁለተኛ እስከ አራተኛ አገኘ፤ አንደኛ ማርሽ የተጨመረለት በ1961 ሞዴል ነው።

የነሐሱ ቀለበት ሲያልቅ ማንኛውም መኪና ወደ አያቱ ዘመን ይመለሳል። ብዙዎቻችሁ «ሁለተኛ ማርሹ ትንሽ ይጮኻል» የሚባሉ መኪናዎችን ታውቃላችሁ። ባለቤቱ ካምቢዮውን የሚያስፈታበት ገንዘብ እስኪያገኝ ሁለት ጊዜ ፍሪሲዮን በመርገጥ ዓመታት ሊነዳው ይችላል፤ ይህም ሕጋዊና ንጹሕ መፍትሔ ነው፣ የቀረው ቀለበትም ዕድሜው ይረዝማል። እግረ መንገዴን ለጋራዥ ባለሙያዎቹ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ለዲፈረንሻል የሚዘጋጀው «ጂ ኤል 5» የተባለው ዘይት ከፍተኛ ጫና እንዲቋቋም የሚጨመርበት ኬሚካል ብዛት ነሐስን ሊጎዳ ይችላል፤ ከማንሸራተቱም የተነሣ ሾጣጣዎቹ እንዳይያያዙ ያደርጋል። አምራቹ «ጂ ኤል 4» ባለበት ካምቢዮ ውስጥ «ከፍ ያለ ቁጥር ይሻላል» ብሎ 5ን መጨመር መኪናውን ማክበር አይደለም።

ሁሉም ካምቢዮ ግን ወደ ሲንክሮናይዘር አልሄደም። የአብዛኛው ሞተር ሳይክል ካምቢዮ ዛሬም መንጋጋ ብቻ ነው፤ ማርሾቹ ትንንሽና ቀላል ስለሆኑ መንጋጋው ሰፋ ባለ ክፍተት ዘልሎ ይገባል። በሌላው ጫፍ የአሜሪካ ከባድ መኪናዎች አሉ። የኢተን ፉለር ባለ 10፣ ባለ 13ና ባለ 18 ማርሽ ካምቢዮዎች ዋናው ክፍላቸው ሲንክሮናይዘር የለውም፤ ባለ 10ሩ አምስት ማርሽ ያለውን ክፍል ከኋላው ባለ ሁለት ፍጥነት ክፍል ያባዛዋል፤ ሲንክሮናይዘር ያለው ይህ የኋላው ክፍል ብቻ ነው። በአሜሪካ ይህን ሥራ መተዳደሪያቸው ያደረጉ ብዙ ወገኖቻችን አሉ፤ ከእነርሱ ጋር ስታወሩ ማርሽ ያለ ፍሪሲዮን መቀየር የሚባለውን ትሰማላችሁ። አስማት አይደለም፤ ነዳጁን በመቀነስ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ጫና ዜሮ አድርጎ ማርሹን ማውጣት፣ ዙሩን አስተካክሎ ማስገባት ነው። በዚያው አገር በአውቶማቲክ መኪና የተፈተነ ሰው በንግድ መንጃ ፈቃዱ ላይ በእጅ የሚቀየር ማርሽ እንዳይነዳ የሚከለክል ምልክት ይደረግበታል። ብዙዎቹ አዲስ ገቢዎች ይህን ገደብ ይዘው ነው የሚወጡት።

አዲሱ «አውቶማቲክ» የጭነት መኪና ግን በውስጡ ምን አለ? ቮልቮ በ2001 ያወጣውን «አይ ሺፍት» ብትፈቱት ዋናው ክፍሉ መንጋጋ ያለው፣ ሲንክሮናይዘር የሌለው ካምቢዮ ነው። ኮምፒዩተሩ የወጪውን ዘንግ ዙር ይለካል፤ በምጥጥኑ ያባዛል፤ ሞተሩን ወደዚያ ቁጥር ያነሣል ወይም ያወርዳል፤ ከዚያ መንጋጋውን በአየር ግፊት ያስገባል። የነሐሱ ቀለበት ከመሀል ወጣ፤ ሒሳቡ ለኮምፒዩተሩ ተሰጠ። በሰሌዳው ላይ ካለው እኩልታ አንድ ፊደል አልተቀየረም፤ ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ የሚፈቅደው ሴኮንድም ለእርሱ አልተራዘመለትም። ስለዚህ ነው እንዲህ ያለ መኪና የያዘ ሹፌርም በረሃ አፋፍ ላይ ሲደርስ ማርሹን በእጁ መርጦ እንዲይዝ የሚመከረው።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ካምቢዮዎች ከፍተን አስቀምጠናል። በስተግራ ያለው የአሮጌ ጭነት መኪና ነው፤ የመንጋጋዎቹን ጫፍ በጣታችሁ ዳስሱት፣ የተሸራረፈውን ታገኛላችሁ። በስተቀኝ ያለው የፒካፕ ነው፤ የሁለተኛ ማርሹን የነሐስ ቀለበት አውጥተን ከአዲስ ቀለበት ጎን አኑረነዋል፤ የሾጣጣውን ፊት አወዳድሩ። ገቢውን ዘንግ በእጃችሁ ማዞር ትችላላችሁ፤ ማንሻውን ግን በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይያዘው። ጥያቄዎቻችሁን እዚያው ቆመን እንወያይባቸዋለን።